ቶሎ የሚፈታ፣ በድንገት የማይለቅ

ሌሊት መንገድ ሲሠራ፣ ሰርግ ቤት ካሜራ ሲገባ፣ ፊልም ሲቀረጽ የሰው ዓይን የሚሄደው ብርሃኑ ወደሚያርፍበት ነገር ነው። ፓውዛውን የተሸከመውን ስታንድ ልብ የሚል ጥቂት ነው። ፓውዛውና ስታንዱ የሚገናኙባትን፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ቦታ የሚያውቃት ደግሞ እዚያው የሚሠራው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚያውቃት በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ነው። ስለዚች ቦታ ለመጻፍ ካሰብሁ ቆይቻለሁ። በትንሽ ብረት ውስጥ ይህን ያህል የታሰበበት ሥራ ብዙ ቦታ አላየሁም።

ተንቀሳቃሽ መብራት አስቸጋሪ ዕቃ ነው። ከባድ ሆኖ ሳለ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። ይሞቃል። በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ከቦታ ቦታ ይዛወራል። ከሥሩ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለ። የሚያያዝበት ነገር እንግዲህ እርስ በርስ የሚጣሉ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። ባለሙያው በአንድ እጁ መብራቱን ደግፎ በሌላው እጁ በጥቂት ሰከንድ ሊፈታው ይገባል። በሌላ በኩል ሰው ሳያስበው ቢነካው፣ ቢዘነጋው፣ ቸኩሎ ግማሽ ብቻ አጥብቆት ቢሄድ መውደቅ የለበትም። ቶሎ የሚፈታ ነገር መሥራት ቀላል ነው። ሙያ የሚጠይቀው ቶሎ ተፈቶም ሳይታሰብ የማይለቀውን መሥራት ነው።

በመብራት ሙያ ውስጥ የዚህ መልስ አንዲት አጭር፣ ድፍን ፒን ናት። ውፍረቷ በአሜሪካ መለኪያ 5/8 ኢንች፣ ማለትም 15.875 ሚሊ ሜትር ነው። አውሮፓውያን ቁጥሩን ሞልተው 16 ሚሊ ሜትር ይሏታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 0.125 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ካሊፎርኒያ የተሠራ መብራት ጣሊያን በተሠራ ስታንድ ላይ ያለ ምንም ማገናኛ ይቀመጣል። የሆሊውድ ሠራተኞች ይህችን ፒን ቤቢ፣ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትወፍረውን ታላቋን ደግሞ ጁኒየር ይሏቸዋል። ስሞቹ ቀድሞ የመብራቶቹ ነበሩ፤ 1000 ዋቱ መብራት ቤቢ፣ 2000 ዋቱ ጁኒየር ይባል ነበር። እነዚህን መብራቶች በዓለም ላይ ካሰራጩት ቤቶች ዋናው እ.ኤ.አ. በ1927 ሆሊውድ ውስጥ የተቋቋመው ሞል ሪቻርድሰን ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ፒተር ሞል ሲሲሊ ተወልዶ አሜሪካ የገባ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ መብራቱ ራሱ ብዙ ተለውጧል። አምፖሉ ወደ ሃሎጅን፣ ሃሎጅኑ ወደ ኤልኢዲ ዞሯል። የፒኗ ውፍረት ግን ባለበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለፈው ወር ተገዝቶ የመጣ የኤልኢዲ ፓናል ከሥሩ ቢታይ ያው ቀዳዳ አለው።

ፒኗን በእጅ ይዞ ማየት ደስ ይላል። ደህና ተደርጋ የተሠራችው ከብረት ወይም ከነሐስ በቶርኖ የወጣች ናት፤ ከአሉሚኒየም የሚሠሩም አሉ፣ ለቀላል መብራት ይበቃሉ። የጫፏ ጠርዝ ዙሪያውን በስሱ ተሞርዷል። ይህ ለመልክ የተደረገ አይደለም፤ ባለሙያው በጨለማ፣ መሰላል ላይ ቆሞ፣ መብራቱን በእጁ እንዳንጠለጠለ ቀዳዳውን ሲያገናኝ ጠርዙ እንዳይነክስና ፒኗ ራሷ መንገዷን እንድታገኝ ነው። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ውፍረቷ ይቀንሳል፤ ዙሪያዋን የተቆረጠ አንገት አላት። ከአንገቱ በታች መልሳ ሙሉ ውፍረቷን ትይዛለች። ሌላ ምንም ነገር የላትም። ሞላ የለም፣ ጥርስ የለም፣ የሚንቀሳቀስ አካል የለም።

አንገቱ ለምን እንደተቆረጠ የሚገባው መብራቱ ሲቀመጥ ነው። በመብራቱ ቅንፍ ሥር ፒኗን የሚቀበል ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ጎን ደግሞ እጀታ ያለው ብሎን ይገባል። ባለሙያው መብራቱን ፒኗ ላይ ያወርደውና ብሎኑን ያዞራል። የብሎኑ አፍ ወደ ውስጥ ገብቶ አንገቱ ላይ ያርፋል። ሲጠብቅ መብራቱ አይዞርም፣ አይነቀነቅም። አሁን ብሎኑ ሩብ ዙር ይመለስ እንበል። መብራቱ መዞር ይጀምራል፤ ባለሙያው ፊቱን ወደሚፈልገው አቅጣጫ ይመልሰዋል። ግን ወደ ላይ ቢስበው አይወጣም። የብሎኑ አፍ ገና አንገቱ ውስጥ ስላለ ከበላዩ ያለው ትከሻ ይይዘዋል። መብራቱ እንዲወጣ ከተፈለገ ብሎኑ ሌላ አንድ ሁለት ዙር መመለስ፣ አፉም ከአንገቱ ጨርሶ መውጣት አለበት።

በመጥበቅና በመውጣት መካከል እንግዲህ ሦስተኛ ሁኔታ አለ፤ መብራቱ ላልቷል፣ ግን አልተለየም። እኔን እጅግ የሚያስደስተኝ ይህ ነው። ብሎን ብቻ ያለበት ዕቃ ይህን ሁኔታ አያውቀውም። ለምሳሌ ካሜራ ከትራይፖድ ጋር የሚያያዝበትን ብሎን እንውሰድ፤ 1/4 ኢንች ውፍረት፣ በእያንዳንዱ ኢንች 20 ጥርስ። አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 1.27 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሄዳል። ለመግባት በርካታ ዙር ይፈልጋል፣ ለመውጣትም እንዲሁ። ሲላላ ደግሞ የመያዝ ኃይሉ እየቀነሰ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ያልቃል፤ የት ላይ እንዳለቀ እጅ አይነግርም። ፒኗ ዘንድ ያለው ድንበር ግን ከብረት የተቆረጠ ነው። እጅ ይሰማዋል። ብሎኑ ሲላላ አንድ ስሜት፣ አፉ ከትከሻው ሲወጣ ሌላ ስሜት አለው። ልምድ ያለው የመብራት ሠራተኛ ዓይኑን ተዋናዩ ላይ ተክሎ እጁ ብቻውን ይህን ሲሠራ ማየት ይቻላል።

ስታንዱ ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ የመብራቱ ክብደት ራሱ ወደ ታች ስለሚጫን አንገቱ ብዙም ሥራ የለውም፤ ነፋስ ካልመጣ በቀር። መብራቱ ከጣራ ላይ በተዘረጋ ቧንቧ ተገልብጦ ሲሰቀል ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ያኔ ክብደቱ ፒኗን ጥሎ ለመውጣት የሚጎትት ኃይል ይሆናል፣ መካከል ላይ ያለው ያ ትከሻ ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ የትኛውም ጠንቃቃ ባለሙያ ፒኗን ብቻ አያምንም። ከመብራቱ ቅንፍ ወደ ቧንቧው የደኅንነት ሽቦ ያዞራል። ታላቋ፣ 28 ሚሊ ሜትሯ ጁኒየር፣ በሰውነቷ ላይ አንድ ቀዳዳ የተበሳላት ለዚሁ ነው፤ ተገልብጣ ስትሰቀል ቀጭን የሽቦ ቁልፍ በቀዳዳው ይሻገርና ብሎኑ ቢላላ እንኳ እንዳትወጣ ያግዳታል። በነገራችን ላይ የሁለቱ አቀማመጥ ተቃራኒ ነው። በቤቢው ፒኗ ያለችው ስታንዱ ላይ፣ ቀዳዳው መብራቱ ላይ ነው። በጁኒየር መብራቱ ራሱ ፒን አለው፣ ስታንዱ ጥልቅ ቀዳዳ ሆኖ ይቀበለዋል። ብዙ ስታንዶች ሁለቱንም ለማስተናገድ ተብለው የተሠሩ ናቸው።

እስካሁን የተነገረው ስታንድ ላለበት ቦታ ነው። ስታንድ የማይቆምበት ቦታ ግን ብዙ ነው። ጠባብ ደረጃ አለ፣ የመኪና ውስጥ አለ፣ የበረንዳ ብረት አለ፣ የሕንፃ መሥሪያ እንጨትና ቱቦ አለ። ይህን ችግር በደንብ የፈታው ሰው የሆሊውድ መሐንዲስ አልነበረም። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ በቪቼንሳ አውራጃ ባሳኖ ዴል ግራፓ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ሊኖ ማንፍሮቶ ለጋዜጦች ፎቶ ያነሳ ነበር። የዘመኑ የመብራት ዕቃ ከባድና ለማንቀሳቀስ አስቸጋሪ በመሆኑ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ (እ.ኤ.አ.) ቀለል ያሉ ስታንዶችና መያዣዎች ለራሱ ይሠራ ጀመር። የጀመረውም ጋራዡ ውስጥ ነበር። በ1972 ጂልቤርቶ ባቶኪዮ ከሚባል፣ እዚያው ባሳኖ በሜካኒክ ድርጅት ውስጥ ከሚሠራ ቴክኒሻን ጋር ተገናኘ። ችግሩን በገዛ ትከሻው የሚያውቅ ሰውና ብረት የሚታዘዘው ሰው ገጠሙ ማለት ነው። የመጀመሪያው የማንፍሮቶ ትራይፖድ በ1974 ወጣ። ድርጅቱ በ1989፣ ኋላ ላይ ቪቴክ ተብሎ ለተጠራ የእንግሊዝ ኩባንያ ተሸጠ፤ ሊኖ ራሱ በ2017 ዐረፈ።

ከዚያ ቤት ከወጡት ዕቃዎች ሁሉ እኔ የምወደው ሱፐር ክላምፑን ነው። የካታሎግ ቁጥሩ 035 ነው፤ ብዙ ሰው በቁጥሩ ያውቀዋል። በእጅ የሚያዝ፣ ከቀላል ብረት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ መቆንጠጫ ነው። አንዱ መንጋጋው የማይንቀሳቀስና ጎበጥ ያለ ነው፤ ሌላው በእጀታ በሚዞር ብሎን እየተገፋ ይመጣል። ከ13 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቧንቧ ይይዛል፣ 15 ኪሎ ይሸከማል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ የበር ሳንቃ ወይም የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ማያያዝ ሲያስፈልግ ደግሞ ከመንጋጋው ጉብጠት ውስጥ የምትገባ አንዲት ትንሽ ሽብልቅ አለችው። ሽብልቋ ስትገባ ጎባጣው መንጋጋ ጠፍጣፋ ይሆናል። አንድ ዕቃ ሁለት ዓይነት ሆነ ማለት ነው፣ ያለ አንዲት ተጨማሪ ብሎን።

የሱፐር ክላምፑ ዋናው ነገር ግን መንጋጋው ሳይሆን ጀርባው ላይ ያለው ማስገቢያ ነው። ቀዳዳው ክብ አይደለም፤ ስድስት ጎን አለው። የሚገባበትም ፒን ከወገቧ በታች ስድስት ጎን ሆና የተቀረጸች ናት። ክብ ፒን በክብ ቀዳዳ ውስጥ መዞሯን የሚከለክላት ብሎኑ ብቻ ነው፤ ከባድ ነገር በጎን ሲጎትታት ብሎኑ ብቻውን ይታገላል። ስድስት ጎኗ ፒን ግን ቅርጿ ራሱ አያዞራትም፤ ብሎኑ የሚቀርለት ሥራ እንዳትነቀነቅ ማድረግ ብቻ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ለእያንዳንዱ አካል የሚችለውን ብቻ ነው የሰጠው።

ፒኗ ስትገባ የምትሰማ ድምፅ አለች፣ ቀጭን ቀጭ። ማስገቢያው ውስጥ በሞላ የምትገፋ ትንሽ መቀርቀሪያ አለች፤ የፒኗ አንገት ሲደርስ ራሷ ዘላ አንገቱ ውስጥ ትገባለች። ከዚያች ድምፅ በኋላ ባለሙያው ብሎኑን ገና ሳያጠብቅ መብራቱን ቢለቀው አይወድቅም። ቀጥሎ ብሎኑን ያጠብቃል። ለማውጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መደረግ አለባቸው። ብሎኑ መላላት፣ መቀርቀሪያዋም በጣት ሆን ተብላ መነሳት አለባት። አንዱን ብቻ ማድረግ መብራቱን አያወጣውም። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች በዓይነት ስለሚለያዩ፣ አንዱ ማዞር ሌላው በጣት መንካት ስለሆነ፣ የልብስ እጅጌ ወይም የገመድ መጎተት ሁለቱንም በአጋጣሚ ሊያደርጋቸው አይችልም። ያን የሚያደርገው የሰው ሐሳብ ብቻ ነው። ይህም ሆኖ አጠቃላይ ጊዜው ሁለት ሦስት ሰከንድ አይሞላም። ፍጥነትንና ጥንቃቄን እያስታረቀ ሳይሆን ሁለቱንም ሙሉ ለሙሉ እየሰጠ ነው።

ቪቼንሳ ስል ሌላ ሰው ትዝ ይለኛል። ቱሊዮ ካምፓኞሎ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1933 እዚያው ቪቼንሳ ውስጥ በስሙ የሚጠራውን ድርጅት አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1927 ክሮቼ ዳውኔ በሚባል የተራራ መተላለፊያ ላይ በበረዶ የደነዘዘ እጁ የጎማውን ባለ ክንፍ ዳዶ መፍታት አቅቶት ተሸነፈ፣ ከዚያ በኋላ ባንድ እጀታ የሚከፈት ማያያዣ አሰበ ተብሎ ይተረካል። ታሪኩን የሚጠራጠሩ አሉ። ማያያዣው ግን እውነት ነው፣ የዓለምን ብስክሌት ሁሉ አዳርሷል። ሐሳቡም ከመብራት ዕቃ ጋር አንድ ነው። እጀታው የሚዞረው ከመሐሉ ዘወር ብሎ በተበሳ ክብ ብረት ላይ ነው። ክቡ ሲዞር ጎኑ እየወፈረ መጥቶ ይጫናል። ከፍተኛው ጭነት ላይ ሲደርስ እጅ ይከብደዋል፤ ከዚያ በጥቂቱ ያልፍና ይተኛል። ከዚያ ወዲያ የሚንቀጠቀጥ ነገር ቢመጣ እጀታውን ይበልጥ ወደ ተኛበት ይገፋዋል እንጂ አይከፍተውም።

ማንፍሮቶ ቤት ይህን ሐሳብ ማጂክ አርም በሚባለው ክንዳቸው ላይ በሚያስገርም መንገድ ሠርተውበታል። ሁለት አጥንት ያለው ክንድ ነው፣ መካከሉ ክርን አለው፣ ሁለቱም ጫፎቹ በየአቅጣጫው የሚዞሩ ኳሶች ናቸው። ሦስት መገጣጠሚያ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሠራው ለእያንዳንዱ አንድ ብሎን ያደርግለት ነበር። እዚህ ግን ክርኑ ላይ ያለች አንዲት እጀታ ብቻ አለች። ስትዞር በክንዱ ውስጥ የተዘረጉ ዘንጎችን በሁለት ወገን ትገፋለች፤ ዘንጎቹ ኳሶቹን ይጫናሉ፤ ክርኑም በዚያው ይጠብቃል። እጀታዋ ስትለቀቅ ክንዱ ሁሉ ይላላል፣ ስትያዝ ሁሉም ባንዴ ይደርቃል። መብራቱን በአየር ላይ ወደሚፈለግበት ቦታ እያመጡ ድንገት እዚያው ማስቆም ይቻላል። ቁጣ የሌለበት ዕቃ ነው።

አሜሪካውያኑ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ያላቸው ትልቁ ሥራ ሲ ስታንድ ነው። መልኩ ተራ ነው። እግሮቹ ሦስት ናቸው፣ ከፍታቸው ግን አይስተካከልም፤ አንዱ ከሌላው በላይ ስለሚያልፍ ብዙ ስታንዶች ተጠጋግተው እግር በእግር ሳይጋጩ ይቆማሉ። ከባድ ነገር ሁልጊዜ ወደ ከፍተኛው እግር አቅጣጫ ይዘረጋል፤ የአሸዋ ከረጢቱም የሚጫነው እዚያው እግር ላይ ነው፣ መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ፣ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ለስታንዱ እንዲሆን። እነዚህ ደንቦች የትም አልተጻፉበትም። ስታንዱን በትክክል ያየ ሰው ግን ቅርጹ ራሱ ይነግረዋል።

ከላዩ ላይ ያለው ራስ ግሪፕ ሄድ ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ረዘም ብዬ መቆም የምፈልገው እሱ ላይ ነው። ሁለት ተኩል ኢንች ስፋት ያላቸው ክብ ብረቶች ፊት ለፊት ተጋጥመው፣ በመካከላቸው አንድ ወፍራም ብሎን አልፎ፣ ጫፉ ላይ ቲ ቅርጽ ያለው እጀታ ይዟል። በብረቶቹ ፊት ላይ የቪ ቅርጽ ያላቸው ቦዮች ተቆርጠዋል፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ቀዳዳ ይሆናሉ። ቀዳዳዎቹ አራት ዓይነት ናቸው፤ ለ5/8፣ ለ1/2፣ ለ3/8 እና ለ1/4 ኢንች ዘንግ። ቦዩ ክብ ሳይሆን ቪ የሆነበት ምክንያት አለው። ክብ ዘንግ በክብ ቦይ ውስጥ በትክክል ካልተለካ በአንዲት መስመር ብቻ ይነካካል፣ ስለዚህ ይወዛወዛል። በቪ ውስጥ ሲገባ ግን ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት፣ በድምሩ አራት መስመር ላይ ይያዛል። የዘንጉ ውፍረት በጥቂቱ ቢያንስ ወይም ቢበልጥም አራቱ መስመሮች አይጠፉም። 15.875ቱም 16ቱም እኩል ይጠብቃሉ። ልኬት ሊሳሳት እንደሚችል አስቀድሞ አውቆ ቅርጹን በዚያ ልክ ማዘጋጀት ትልቅ ብልህነት ነው።

በዚህ ራስ ላይ 40 ኢንች፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ክንድ ይገባል። ክንዱ ጫፍ ላይ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ነገር ተሰቀለ እንበል። ራሱን ለመጠምዘዝ የሚታገለው ኃይል 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን የሚያቆመው ብረቶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። የሰበቃው አማካይ ርቀት ከመሐሉ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ብረቶቹ በድምሩ በ80 ኪሎ ገደማ ኃይል መያዝ አለባቸው። በሁለት ጣት ለሚዞር እጀታ ብዙ ነው። እጀታው የቲ ቅርጽ የያዘው፣ በወፍራም ጓንትም ተይዞ እንዲዞር ረዘም ብሎ የተሠራው ለዚህ ነው። የድሮዎቹ መብራቶች የሚፋጁ ስለነበሩ ጓንት የሌለበት ሥራ አልነበረም።

ዲዛይኑ ከዚህም የሚያልፍ ነገር ያውቃል። ባለሙያው ከስታንዱ ኋላ ቆሞ ክንዱ ወደ ፊት ሲዘረጋ እጀታው በቀኙ በኩል መሆን አለበት። ለምን ቢባል፣ ክብደቱ ክንዱን ወደ ታች ሲጎትተው ራሱ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፣ ብሎኑም የሚጠብቀው በዚያው አቅጣጫ ነው። መብራቱ መውደቅ በጀመረ ቁጥር የያዘውን ብሎን ያጠብቃል። እጀታው በግራ ቢሆን ያው ክብደት ብሎኑን እየፈታ ይወርዳል። አጋሰስ ነጂዎች ጭነቱ በጎተተ ቁጥር የምትጠብቅ፣ ጫፏ ግን ባንድ እጅ ሲሳብ የምትተረተር ቋጠሮ ያውቃሉ፤ ይህም የዚያ ዓይነት ዕውቀት ነው፣ በብረት ተጽፎ። በፊልም ሥራ አዲስ የገባ ልጅ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ይህ የእጀታው ቀኝ መሆን ነው፤ በአግባቡ ያስተማሩት ከሆነ ደግሞ ደንቡን ከምክንያቱ ጋር ነው የሚይዘው።

በቅርብ ጊዜ መብራቶቹ በባትሪ መሥራት ሲጀምሩ ይኸው ሐሳብ ባትሪው ላይም መጣ። ሶኒ ያስለመደው ቪ ማውንት የሚባለው አያያዝ ወደ ታች እየጠበበ በሚሄድ የቪ ቅርጽ ላይ ባትሪውን ከላይ ወደ ታች ያንሸራትታል፤ የባትሪው ክብደት ራሱ ሽብልቁን ወደ ጠበበው ቦታ ያስገባዋል፣ መጨረሻ ላይ አንዲት መቀርቀሪያ ቀጭ ትላለች። ለማውጣት አንድ ጣት መቀርቀሪያዋን ይጫናል፣ እጅ ወደ ላይ ያነሳል። ደህና ሥራ ነው።

በየሰርጉ፣ በየስቱዲዮው የምናያቸው ርካሽ ዕቃዎች መልካቸው ከእነዚህ አይለይም። ልዩነቱ አንገቱ ላይ ነው። ወጪ ለመቆጠብ ፒኗ ከለስላሳ አሉሚኒየም ትሠራና አንገቱ ጥልቀት ሳይኖረው ተጫጭሮ ብቻ ይቀራል፤ የብሎኑ አፍ የሚያርፍበት ትከሻ የለውም። አዲስ እያለ በደንብ ይይዛል፣ ምክንያቱም ሰው አጥብቆ ያስረዋል። ጥቂት ወራት ሲሠራ የብሎኑ አፍ ፒኗን እየበላ ጉድጓድ ያወጣባታል፤ መብራቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዞሩት ብሎኑ ተመልሶ ወደ ድሮ ጉድጓዱ ይንሸራተታል። ሌላው ምልክት ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። በደህናው ዕቃ ላይ ጥርሱ በርካታ ዙር ርዝመት አለው፤ በርካሹ ላይ ከቅንፉ ስስ ላሜራ ውፍረት አይበልጥም፣ ስለዚህ ይበላሻል። ሲገዙ መብራቱን አብርቶ ብርሃኑን ከማየት በፊት ብሎኑን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ቀዳዳውን በጣት መዳበስ ብዙ ገንዘብ ያድናል። የእጀታ ብሎን ጨርሶ የማይወጣ ከሆነ፣ ጫፉ ተደፍጥጦ እንዳይጠፋ የተደረገ ሊሆን ይችላልና ያ መልካም ምልክት ነው።

ፒኗ ብትበላሽም ስታንዱ አይጣልም፤ እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቃት ለዚህ ነው። ማንም ብቻውን አልያዛትም፤ ልኳ የታወቀ ነው። ቶርኖ ቤት ሄዶ ከድፍን ነሐስ አንዲት እንዲወጣላት ማዘዝ ይቻላል፤ መርካቶ አካባቢ ይህን የማይችል ቶርኖ ሠራተኛ አላውቅም። ሲታዘዝ ግን የሚነገሩ ነገሮች አሉ። አሮጌዋን ፒን ብቻ ሰጥቶ ‹‹እንደዚህ ሥራልኝ›› ማለት አይበቃም፤ የተበላችውን ፒን ከነመበላቷ ሊቀዳት ይችላል። መብራቱን ይዞ መሄድ ነው። ውፍረቷ ከ16 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ፣ ይልቅ በጥቂቱ እንዲያንስ፤ ቀዳዳው ውስጥ አቧራ ሲገባ ሙሉ ልክ የሆነችው ትነክሳለች። አንገቱ የብሎኑ አፍ ልክ ሰፊ ሆኖ፣ የላይኛው ትከሻ ያልሟሸሸ፣ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ እንዲሆን። የጫፉ ጠርዝ እንዲሞረድ። አንገቱ ሥር ደግሞ በስለት የተቆረጠ ማዕዘን ሳይሆን በጥቂቱ የከበበ መታጠፊያ እንዲተውለት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነውና። ቶርኖው ላይ የቀረው ሥራ ሰውነቷን ማለስለስ ነው፤ እሱን እንደ መስታወት አታብራው ቢባል ይሻላል፣ በጥቂቱ ሻካራ ሆና ስትቀር ብሎኑ ይበልጥ ይይዛታልና።